የሸማኔዎቹ መንደር፣ ቴኦቲትላን ዴል ቫዬ

ዛሬ ቴኦቲትላን ዴል ቫዬ ዋልኩ። ሜክሲኮ ውስጥ፣ ከዋሃካ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ተራራ ሥር ያለች፣ ሳፖቴክ የሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች መንደር ናት። መንገዱ ጭር ብሏል። ከየግቢው ግን የሽመና ዕቃ ሲረገጥ ይሰማል፤ እዚህ ብዙው ቤተሰብ የሚኖረው በሱፍ ሽመና ነው። እርስ በርስ የሚያወሩትም በራሳቸው በሳፖቴክ ቋንቋ ነው።

አንዲት እናት ቀለም እንዴት እንደሚሠራ አሳዩኝ። ቀለሙ የሚገኘው ከቁልቋል በለስ ነው፤ በለሱ ላይ ነጭ ብናኝ አለ። ውስጡ ኮቺኒል የሚባሉ ጥቃቅን ነፍሳት ናቸው። ደርቀው በድንጋይ ወፍጮ ይፈጫሉ። ዱቄቱን መዳፋቸው ላይ አድርገው ውሃ ጠብ ሲያደርጉበት ደማቅ ቀይ ሆነ። ሎሚ ሲጨምሩበት ደግሞ ወደ ብርቱካናማ ተቀየረ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ!

ለእኛ አገር ሰው ግን የእነዚህ ነፍሳት ታሪክ ሌላ ነው። ለቀለም ምርት ተብለው ትግራይ ገብተው፣ ከቁጥጥር ውጭ ተዛምተው የስንቱን ገበሬ በለስ አጥፍተዋል። በለሱ ራሱ የመጣው ከዚሁ ከሜክሲኮ ምድር ነው። እናትየው በጥንቃቄ ሲለቅሟቸው እያየሁ የእኛዎቹ ገበሬዎች ትዝ አሉኝ፤ ልቤን ከፋው።

ቤተ ክርስቲያኑንም አየሁ። በስፔን ዘመን ሲሠራ የጥንቱን የሳፖቴክ መቅደስ ድንጋይ ተጠቅመዋል። የተቀረጹት ድንጋዮች ዛሬም ግድግዳው ላይ ይታያሉ።

ወደዚህ የምትመጡ ካላችሁ ምንጣፍ በቀጥታ ከሸማኔዎቹ ቤት ግዙ። አንዱ ትልቅ ምንጣፍ ወራት ሊፈጅ ይችላል። እባካችሁ ዋጋው ላይ አትከራከሯቸው።