የሲያትሏን ጀልባ ድሬ ላይ መረጥናት

ዘመድ ጥየቃ ወደ ድሬዳዋ ስሄድ ስልኬ ውስጥ የሦስት ጀልባዎችን ፎቶና ዝርዝር መግለጫ ይዤ ነበር። ሦስቱም ከፋይበርግላስ የተሠሩ፣ 18 ጫማ ወይም አምስት ሜትር ተኩል ገደማ የሚረዝሙ፣ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ከኋላቸው የተንጠለጠለባቸው፣ ያገለገሉ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባዎች ሲሆኑ ዋጋቸውም ተቀራራቢ ነበር። በምኖርበት በአሜሪካዋ ሲያትል ሆኜ ብዙ ከማወዳደሬ የተነሳ ልዩነታቸው ሁሉ ተምታትቶብኝ ስለነበር፣ ድሬ ላይ ያነሳሁት ለጨዋታ ያህል እንጂ መፍትሔ አገኛለሁ ብዬ አልነበረም። የድሬ ወንዝ ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ውሃ ሲመጣበት ምን እንደሚያደርግ ደግሞ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ሁላችንም አይተናል።

የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ዕድሜያቸውን በምድር ባቡር ጥገና ክፍል የጨረሱ ሰው ናቸው። ከምሳ በኋላ የከዚራ ሰፈር ሙቀት ሰውን ሁሉ ወደ ጥላ ሲሰበስብ ፎቶዎቹን አሳየኋቸው። ስለ ዋጋም ስለ ሞተርም አልጠየቁኝም። «የሚሳፈረው ማን ማን ነው?» አሉኝ። ባለቤቴን፣ ሦስቱን ልጆቻችንንና አብረውን የሚኖሩትን አማቴን ቆጠርኩላቸው። ጠመኔ አስመጥተው ግቢው ሲሚንቶ ላይ አምስት ሜትር ተኩል በሁለት ሜትር ከሠላሳ የሆነ የጀልባ ቅርጽ አሰመሩኝ፤ መሪውና ወንበሩ በየሞዴሉ የት እንደሆነ እያስነገሩኝም በርጩማ ደረደሩ፤ የእህቴን ልጆችና ጎረቤት ጠርተው አስቀመጡበት። «እንግዲህ ትንሹ ልጅህ ዓሣ ያዘ እንበል» ከማለታቸው ልጆቹ በሙሉ ተነስተው ወደ ቀኙ ጠርዝ ሮጡ። ጋሼ ዘወር ብለው አዩኝና «ይቺ ጀልባህ እንዲህ ሲሆን ምን ትላለች?» አሉ።

ጥያቄው የሦስቱን ሞዴሎች ዋና ልዩነት ቀጥ ብሎ ነካው። የመጀመሪያውና ሁለተኛው የአንድ ፋብሪካ ሥራዎች ናቸው፤ የታችኛው አካላቸው ከአንድ ቅርጽ የወጣ ሆኖ የሚለያዩት ከወለሉ በላይ ነው። የመጀመሪያው መሪው መሐል ላይ ብቻውን ቆሞ ዙሪያው ክፍት ስለሆነ አጥማጁ ዓሣውን እየተከተለ ከፊት እስከ ኋላ ሊዞር ይችላል። ሁለተኛው ግራና ቀኝ መቀመጫ፣ ከመቀመጫዎቹ ፊት የነፋስ መከላከያ መስታወት፣ በመካከሉም ወደ ፊት የሚያሳልፍ መንገድ አለው። የሁለቱም ሆድ ከኋላ በኩል ሲለካ 20 ዲግሪ ያህል ጠለቅ ያለ የቪ ቅርጽ አለው፤ እንዲህ ያለው ሆድ ማዕበሉን እየሰነጠቀ ስለሚሄድ በሩጫ ጊዜ ወገብ አይሰብርም፤ ቆሞ ሳለ ግን ሰው በአንድ ወገን ሲበዛበት ፈጥኖ ያዘነብላል። ሦስተኛው የሌላ ፋብሪካ ሥራ ሲሆን ፊቱ ላይ ትንሽ ካቢን፣ ማለትም የተከለለ ክፍል፣ አለው፤ የሆዱ ቪ 14 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ በማዕበል ላይ ሲሮጥ ይደበድባል፤ ቆመው ሲያጠምዱበት ግን የረጋ ነው። ማስታወቂያዎቹ ሁልጊዜ የሚያወሩት ስለ ሩጫው ምቾት ነው። ቤተሰብ ይዞ የሚወጣ ሰው ግን አብዛኛውን ቀን የሚያሳልፈው ሞተር አጥፍቶ ወይም ቀስ እያለ ነው። ማዕበል ሲነሳ ፍጥነት መቀነስ በእጄ ነው፤ መንጠቆ ሲወጠር ልጆችን ከመሮጥ ማስቆም ግን በእጄ አይደለም።

በርጩማው ላይ ከተቀመጡት መካከል ቀደም ባለው ጊዜ በጅቡቲ በኩል ይነግዱ የነበሩ ሶማሌ እናት ነበሩ። የታጁራን ባሕረ ሰላጤ በትንሽ ጀልባ ደጋግመው ተሻግረዋልና ከሁላችንም የተሻለ ያውቁ ነበር። «የሚረጥበው ከኋላ የተቀመጠው ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ነፋስ ከጎን ሲመጣ ከፊት የሚነሳው ፍንጣሪ የሚያርፈው ኋላ ላይ ነው። ታጁራ ላይ ፍንጣሪው ያቀዘቅዛል እንጂ አይጎዳም፤ ሲያትል ያለችበት የፒዩጄት ሳውንድ ውሃ ግን በበጋም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ነው። ቀጥለውም «የሚያዝ ነገርስ የት አለ?» ብለው ስልኩን ተቀብለው ፎቶዎቹን እያሰፉ የእጅ መያዣ ብረቶችን ፈለጉ። ክፍቱ ጀልባ ላይ ከነጂው በስተቀር ለሌላው ሰው የተረፈው መያዣ ጥቂት ነበር። ለብቻው ለሚያጠምድ ሰው ዛሬም ቢሆን እሱን እመክራለሁ፤ ለእኛ ግን እዚያው ቀረ።

ገንዘብ ጨምሬ 21 ጫማ የሆነውን ብገዛስ የሚል ሐሳብም አንስቼ ነበር። በአሜሪካ ሕግ ከ20 ጫማ በታች የሆነ የዚህ ዓይነት ጀልባ ስንት ሰውና ስንት ክብደት እንደሚችል የሚገልጽ ሰሌዳ እንዲለጠፍበት፣ ውሃ ቢሞላበትም እንኳ ሳይገለበጥ ተዘርግቶ እንዲንሳፈፍ የሚያደርግ ነገር፣ አብዛኛውን ጊዜ ፎም፣ እንዲኖረው ግዴታ ነው። ከ20 ጫማ ጀምሮ ግን ይህ ግዴታ አምራቹን አይመለከተውም። በዚህ ረገድ ትልቁ ከትንሹ ይሻላል ማለት አይቻልም። ቦስተን ዌለር የተባለው የጀልባ ፋብሪካ መሥራች ሪቻርድ ፊሸር በ1961 እ.ኤ.አ. በመጋዝ ተቆርጦም በፎሙ በተንሳፈፈ ጀልባ ላይ ተቀምጦ የተነሳውን ፎቶ ለጋሼ ሳሳያቸው በጣም ተደሰቱ፤ ትንሽ ቆይተው ግን «ፎሙ ውሃ ከጠጣስ?» ሲሉ ጠየቁ። ይጠጣል፤ ተሰንጥቆ የኖረ ጀልባ በፎሙ ውስጥ የሚሸከመው ውሃ ከባድ ነው፣ ማውጣቱም አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ያገለገለ ጀልባ በሚዛን ማስመዘን ብልህነት ነው።

በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል የነበረውን ክርክር የቋጨችው ቡና ታቀርብ የነበረችው እናቴ ናት። «ሴቶቹ ሽንታቸው ሲመጣ የት ሊሄዱ ነው?» አለች። ወንዶቹ ሁላችንም ዝም አልን። ከሦስቱ ጀልባዎች ተንቀሳቃሽ ሽንት ቤት ከእነ መጋረጃው የሚገባው ካቢን ባለው ላይ ብቻ ነው፤ ሁለተኛውን የሚሸጠው ሰው ግን በሁለት ገጽ መልእክት ያደነቀልኝ የሸርጣን ወጥመድ መጎተቻውን ነበር። እኛ ቤት ሸርጣን የሚበላ የለም። ዓሣውም ቢሆን፣ የሳልሞን ወቅት ደርቶ ሳለ ፍልሰታ ስለሚገባ፣ በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው የአማቴና የባለቤቴ ክርክር በየዓመቱ መነሳቱ አይቀርም።

ባለ ካቢኑ ሦስተኛው ሞዴል ከተመረጠ በኋላ ጋሼ ሥራው ገና መሆኑን ነገሩኝ። በብዙ የፋይበርግላስ ጀልባዎች ውስጥ፣ በተለይ ዕድሜ ባላቸው ላይ፣ ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳና የወለሉ ተሸካሚዎች ውስጣቸው ኮምፔንሳቶ ነው። በደንብ ባልተደፈነ የብሎን ቀዳዳ የገባ ውሃ እንጨቱን ሲያበሰብሰው ከላይ ያለው ጄልኮት የሚባለው አብረቅራቂ ሽፋን ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። ይህን ሳስረዳቸው ፊታቸው በራ፤ የባቡር ጎማ በመዶሻ እየመቱ ስንጥቁን በድምፅ ይለዩ እንደነበረው ሁሉ ጀልባውንም እንድመታው አዘዙኝ። የጀልባ መርማሪዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የበሰበሰው ወይም ንብርብሩ የተላቀቀው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል።

ሲያትል እንደተመለስኩ የመረጥነውን ሞዴል የሚሸጡ ሁለት ሰዎች አገኘሁ። የመጀመሪያው ጀልባ ሲያዩት የሚያምር፣ በቅርብ የተወለወለ ነበር። የኋላ ግድግዳውን በጠመንጃ መፍቻ እጀታ ከግራ ወደ ቀኝ እየመታሁ ድምፁን ቀድቼ ለጋሼ በቴሌግራም ላክሁት። በቀኙ የታችኛው ብሎን አካባቢ «ቃ፣ ቃ» ይል የነበረው «ዱብ» ወደማለት ተቀየረ፤ በማሸጊያ ከተሸፈነው ብሎን ዙሪያም ቡናማ ነጠብጣብ ይታይ ነበር። የጋሼ መልስ «ዝለለው» የሚል አንድ ቃል ነበር። ሁለተኛው ጀልባ ቀለሙ የደበዘዘ፣ መቀመጫው የተቀደደ ቢሆንም ድምፁ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነበር፤ ገንዘብ ከፍዬ ያስመጣሁት መርማሪም በእርጥበት መለኪያ አይቶ ደረቅ መሆኑን አረጋገጠልኝ። እሱን ገዛን።

በዋሽንግተን ግዛት 15 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ ያለው ጀልባ ለመንዳት የጀልባ ነጂነት ትምህርት ካርድ ያስፈልጋል፤ ጋሼ ደግሞ ባቡር ያለ ረዳት አይነዳም ብለው ባለቤቴም እንድታወጣ ስላሳሰቡ ሁለታችንም አወጣን። ከ19 ጫማ ባነሰ ጀልባ ላይ 12 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ላይፍ ጃኬት እንዲለብሱ ሕጉ ያስገድዳል፤ በእኛ ጀልባ ላይ ግን አማቴም ጭምር ሳይለብሱ ሞተሩ አይነሳም።