ምጣድ የቻለ ሶኬት መኪና ላይችል ይችላል

በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ከተነገረ ወዲህ በየግቢው የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። አብሮም «ምጣድ የቻለ ሶኬት መኪናም ይችላል» የሚል ምክር ተለምዷል። አደገኛ ምክር ነው። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ቢስብም ሥራው ቢበዛ ሁለት ሦስት ሰዓት ነው። የመኪናው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር በ10 አምፔር 2.2 ኪሎዋት ብቻ ይስባል፤ ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ ፋታ አይሰጥም።

የላላ ሶኬት ከስፒናው ጋር የሚነካካበት ቦታ 0.1 ኦም ሬዚስታንስ (ለኤሌክትሪክ ፍሰት ያለው እንቅፋት) ቢኖረው፣ በ10 አምፔር 10 ዋት ሙቀት ያወጣል። ቻርጀሩን 16 አምፔር ላይ ካደረጋችሁት ከ25 ዋት ያልፋል፤ ሙቀቱ የሚያድገው በአምፔሩ ካሬ ነውና። ይህ የአንድ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ መበየጃ (ሶልደሪንግ) ጉልበት ነው፣ ያውም ፕላስቲክ ውስጥ ታፍኖ። መጀመሪያ የሶኬቱ ቀዳዳ ዙሪያ ይጠቁራል። ከዚያ ውስጡ ያለው መያዣ በሙቀት ይለሰልስና የበለጠ ይላላል፤ ሲላላ ደግሞ የበለጠ ይሞቃል። አምፔር ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጠው ብሬከር፣ አምፔሩ ስላልጨመረ ምንም አያውቅም። መኪናውም አያውቅም፤ በገመዱ ውስጥ ያለችው ቀጭን የሲግናል ሽቦ የምትነግረው ቻርጀሩ የፈቀደውን አምፔር ብቻ ነው።

ስለዚህ ለመኪናው የራሱ መስመር ይዘርጋለት፦ ከብሬከር ሳጥኑ በቀጥታ የሚመጣ፣ መሀል ላይ ያልተቀጠለ የመዳብ ሽቦ። ለ10 አምፔር 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ከ16 አምፔር ብሬከር ጋር ይበቃል። ለ16 አምፔር ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦና የ20 አምፔር ብሬከር ይሻላል። ኤክስቴንሽን በፍጹም አይሁን። ግድግዳ ላይ የሚገጠመው የ7 ኪሎዋት ቻርጀር 32 አምፔር ስለሚስብ ቢያንስ ባለ 6 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦና የ40 አምፔር ብሬከር ይፈልጋል፤ ምጣድ ከተጨመረበት ቆጣሪው ላይ 48 አምፔር ይደርሳል። ለአብዛኛው ሰው ግን አያስፈልግም ባይ ነኝ። በቀን 50 ኪሎሜትር የሚነዳ ሰው 7.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይጨርሳል። ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነው ተጨምሮ በ10 አምፔር አራት ሰዓት ይበቃዋል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግራውንዱ፣ ማለትም ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ ነው። ብዙ ቻርጀሮች ግራውንድ ካላገኙ ቀይ መብራት አብርተው እምቢ ይላሉ። አንዳንድ ኤሌክትሪሺያን ያኔ ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን (ኤሌክትሪኩ የሚመለስበትን ሽቦ) ከግራውንዱ ጋር በአጭር ሽቦ ያገናኘዋል። መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል፣ መኪናውም ይሞላል። አንድ ቀን ኒውትራሉ ከሶኬቱ በፊት የሆነ ቦታ ቢበጠስ ግን የመኪናው ቆርቆሮ በሙሉ 220 ቮልት ሊሸከም ይችላል። መኪናው ጎማ ላይ ስለቆመ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት አይወርድም፤ በሩን ለመክፈት የሚዘረጋውን እጅ ይጠብቃል። እንዲህ የተሠራ ሶኬት ካላችሁ ዛሬውኑ አስፈቱት።

መፍትሔው መዳብ የተለበጠ፣ ከ1.5 ሜትር የማያንስ ዘንግ እርጥብ አፈር ውስጥ መቅበር፣ ከሶኬቱ ግራውንድ ጋር ማገናኘትና ወደ መሬት ያለውን ሬዚስታንስ በመለኪያ ማስለካት ነው። ዘንጉ ብቻውን ግን አያድንም። ልኬቱ 50 ኦም ከሆነ በብልሽት ጊዜ የሚያልፈው 4.4 አምፔር ነው፤ ይህ 16 አምፔር ብሬከር አያስወርድም። መስመሩን የሚቆርጠው በ30 ሚሊአምፔር የሚወርድ አርሲዲ (ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ መስመሩን የሚያጠፋ መቁረጫ) ነው፤ ዓይነቱን የቻርጀሩ መመሪያ ይነግራችኋል። ልኬቱን በጥር፣ አፈሩ ሲደርቅ አድርጉት። በክረምት የሚገኘው ቁጥር ያታልላል።