አይዞሽ አልሠራም

ዛሬ ከሥራ ስገባ ታናሽ እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ፈተና ወድቃ ነው። እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ «አይዞሽ፣ ምን ችግር አለው፣ ደግመሽ ትፈተኛለሽ» እያልኩ ምክሬን አወረድኩባት። ጭራሽ ባሰባት።

ያኔ «ኢንሳይድ አውት» ትዝ አለኝ። የ2015ቱ (እ.ኤ.አ.) የፒክሳር ፊልም፤ በአንዲት ልጅ ጭንቅላት ውስጥ ያሉ ስሜቶች፣ ደስታና ሐዘን ጭምር፣ እንደ ሰው የሚያወሩበት። (አዎ፣ በዚህ ዕድሜዬ ካርቱን አያለሁ።) የልጅቷ የምናብ ጓደኛ ቢንግ ቦንግ የሚወዳት ጋሪው ገደል ስትገባበት ደስታ ልታስቀው ትታገላለች። ትኮረኩረዋለች፣ ፊቷን ታጣምማለች። ወይ ፍንክች! ሐዘን ግን አጠገቡ ቁጭ ብላ ስላጣው ነገር ታወራዋለች። ከረሜላ እያነባ ያለቅሳል፤ ከዚያ ይነሳል።

እኔም አፌን ዘግቼ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይታ «ሁለት ነጥብ እኮ ነው የጎደለኝ» አለችና ለቅሶዋን ለቀቀችው።

አሁን ሽሮ እየበላን ነው። ቃሪያውን ለእሷ ትቼላታለሁ።