ፍሬዛል ቨርብን እንደ «ዝም አለ» መያዝ

«ዝም አለ» ስንል ማንም ምንም አላለም። «ብድግ አለ»፣ «ቁጭ አለ»፣ «ቀጥ አለ» ውስጥም «አለ» የመናገር ትርጉሙን ጥሎ ከፊቱ ካለው ቃል ጋር አንድ ግስ ሆኗል። እነዚህን ለየብቻ ፈትቶ ትርጉም የሚፈልግ አማርኛ ተናጋሪ የለም። ፍሬዛል ቨርብ የሚባለው፣ ማለትም ግስ እንደ «አፕ» ወይም «ኦፍ» ካለ ተከታይ ቃል ጋር ተጣምሮ አንድ ትርጉም የሚሰጥበት የእንግሊዝኛ አባባልም እንዲሁ ነው። «ጊቭ አፕ»ን ብንወስድ፣ «ሰጠ»ን እና «ወደ ላይ»ን ደምሮ «ተስፋ ቆረጠ» ላይ መድረስ አይቻልም። ይህን ዝምድና ካስተዋልኩ በኋላ ቃላቱን መበታተን ትቼ ጥንዱን በሙሉ እንደ አንድ ግስ መያዝ ጀመርኩ።

በትምህርት ቤት የለመድነው እንግሊዝኛ የመጽሐፍ ነው። «ፖስትፖን»፣ «ኢንቨስቲጌት»፣ «ቶሌሬት» አይከብዱንም፤ ሰዉ ሲነጋገር ግን «ፑት ኦፍ»፣ «ሉክ ኢንቱ»፣ «ፑት አፕ ዊዝ» ነው የሚለው። ስለዚህ በመጀመሪያ የማውቃቸውን ግሶች በግራ፣ የንግግር አቻቸውን በቀኝ ደረደርኩ። ትርጉሙ አስቀድሞ ስላለ የሚያዘው አባባሉ ብቻ ነው።

ብዛቱ አያስፈራ። ጋርድነር እና ዴቪስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት 20 ግሶች ከ8 ተከታይ ቃላት ጋር እየተጣመሩ፣ በብሪቲሽ ናሽናል ኮርፐስ (ትልቅ የብሪታንያ እንግሊዝኛ ጽሑፍና ንግግር ስብስብ) ውስጥ ፍሬዛል ቨርብ ከሚገኝበት ቦታ ከግማሽ በላዩን ይሸፍናሉ። «ጎ»፣ «ካም»፣ «ቴክ»፣ «ጌት»፣ «ፑት» ከእነዚህ ውስጥ ናቸው።

ለማጥናት በሳምንት 5 የመለማመጃ ካርድ ይበቃል። በፊት በኩል የአማርኛ አባባል፣ በጀርባው ሙሉ የእንግሊዝኛ አባባል፣ ሁልጊዜም ከተውላጠ ስም ጋር። ለምሳሌ በፊቱ «አጥፋው»፣ በጀርባው «ተርን ኢት ኦፍ»። ተውላጠ ስሙን የግድ ያልኩት በምክንያት ነው። «ተርን ኦፍ ዘ ላይት» እና «ተርን ዘ ላይት ኦፍ» ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ «ተርን ኦፍ ኢት» ግን ስህተት ነው፤ «ኢት» መሀል መግባት አለበት። በአንጻሩ «ተንከባከበው» «ሉክ አፍተር ሂም» ነው፤ ይህኛው አይከፈልም። ካርዱ ላይ «ኢት» ወይም «ሂም» ካለ ቦታው ከቃሉ ጋር አብሮ ይያዛል፤ ደንብ መሸምደድ አያስፈልግም። ካርዱን በማግስቱ፣ በ3ኛው፣ በ7ኛው እና በ21ኛው ቀን ድምፅ አውጥቶ መመለስ ነው፤ የተሳተው ከ1 ይጀምራል።

መጀመሪያ ላይ ያሳሳተኝ ቃላቱን በግስ መመደቤ ነበር። «ጌት አፕ»፣ «ጌት ኦቨር»፣ «ጌት ባይ»፣ «ጌት አሎንግ» በአንድ ቀን ሲያዙ በሦስተኛው ቀን የትኛው የትኛው እንደሆነ ይምታታል። በሁኔታ ስመድባቸው ግን ጸኑ፦ አንዱ ሳምንት የስልክ፣ አንዱ የሥራ ቦታ፣ አንዱ የሕክምና። የሕክምናውን ማንም ሰው እንዳያልፈው እለምናለሁ። «ፓስድ አውት» ራሱን ሳተ ነው፣ «ፓስድ አዌይ» ግን አረፈ። ውጭ አገር ሐኪም ቤት ለወላጁ የሚያስተረጉም ልጅ እነዚህን ቢያምታታ ምን ዓይነት ድንጋጤ እንደሚፈጠር መገመት አያዳግትም። ለሁለቱ ሁለት የተለያየ ቀለም ያለው ካርድ አድርጌያለሁ፤ የተማርኳቸውም በተለያየ ሳምንት ነው።

አማርኛው ራሱ የሚያስትበት ቦታ አለ። ቴሌቪዥን፣ ሬዲዮ፣ ውሃ፣ ሁሉንም «ክፈት» ስለምንል አፋችን ወደ «ኦፕን» ይሮጣል፤ እንግሊዝኛው ሦስቱንም «ተርን ኦን» ይላል። «ስልኩን ዘጋው»ም «ክሎዝ» ሳይሆን «ሀንግ አፕ» ነው። «ለበሰ» ለድርጊቱም ለሁኔታውም ያገለግለናል፤ «ፑት ኦን» ግን ኮቱን የማጥለቅ ድርጊት ብቻ ነው፣ ለብሶ ለተቀመጠ ሰው «ዌር» ነው። «ስኳር አለቀብኝ» ውስጥ ያለቀው ስኳሩ ነው፤ በእንግሊዝኛው ባለቤቱ ሰውየው ይሆናል፦ «አይ ራን አውት ኦፍ ሹገር»። ግን ደግሞ «መኪናዬ ተበላሸብኝ» ሲባል የእኛ «ብኝ» ቁልጭ ብሎ እዚያ ይገኛል፦ «ማይ ካር ብሮክ ዳውን ኦን ሚ»። እንዲህ ያለ መግጠሚያ ሲገኝ ካርዱ ለ21ኛው ቀን አይደርስም፤ ወዲያው ይያዛል።

ተከታይ ቃሉ ብቻውን ትርጉም ይኖረው ይሆን? አንዳንዴ። «አፕ» ብዙ ጊዜ እስከ መጨረሻው መድረስን ያሳያል፤ «ጭልጥ አደረገው» ማለት «ድራንክ ኢት አፕ» ነው። ነገር ግን «ስሎው ዳውን» እና «ስሎው አፕ» ሁለቱም ፍጥነት መቀነስ ናቸው፤ ቅጽ መሙላትም በብሪታንያ በብዛት «ፊል ኢን»፣ በአሜሪካ «ፊል አውት» ይባላል። ስለዚህ ፍንጩን የተማሩትን ለማስታወስ እንጂ ያልተማሩትን ለመገመት አልጠቀምበትም።

አንድ ጥንድ ብዙ ትርጉም ሲኖረው ለእያንዳንዱ የራሱ ካርድ ይሰጠዋል። «ፒክ አፕ» ከወለል ማንሳት፣ ሰው ሄዶ ማምጣት፣ ስልክ ማንሳት፣ ቋንቋን በጆሮ መልመድ ነው፤ አራት ካርድ፣ በአራት የተለያየ ሳምንት።

ካርዱ ሲነበብ ድምፅ የሚጎላው ተከታዩ ቃል ላይ ነው፦ «ፒክ ኢት አፕ» ሲባል «አፕ» ጎላ ይላል። ጥንዱ ስም ሲሆን ግን ጎላ የሚለው የመጀመሪያው ክፍል ነው፤ መኪናው «ብሮክ ዳውን» ሲባል «ዳውን» ይጎላል፣ ብልሽቱ «ብሬክዳውን» ሲባል ግን «ብሬክ»።