የተደራረቡ ፖሊጎኖችን አዋህዶ ለየብቻ ማስቀመጥ

የአንድ ወረዳ የገጠር ውሃ ተቋማት በነጥብ አሉን እንበል፤ ቦኖ፣ የእጅ ፓምፕ፣ የጎለበተ ምንጭ። በእያንዳንዱ ዙሪያ የ1 ኪሎ ሜትር በፈር፣ ማለትም ራዲየሱ 1 ኪሎ ሜትር የሆነ ክብ ፖሊጎን (ዝግ ቅርጽ)፣ እናወጣለን። ሌየሩ (ነጥቦቹ ያሉበት የካርታ ንብርብር) በሜትር በሚለካ ፕሮጀክሽን (ምድርን ወደ ጠፍጣፋ ካርታ በሚቀይር ስሌት) ይሁን፤ በዲግሪ ከሆነ 1 ብላችሁ ስትሞሉ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆንባችኋል። ክቦቹ እዚህም እዚያም ይደራረባሉ። የምንፈልገው የተደራረቡት አንድ እንዲሆኑ፣ ብቻቸውን ያሉት ደግሞ ብቻቸውን እንዲቀሩ ነው።

ኪው ጂ አይ ኤስ (QGIS) በሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ላይ ዲዞልቭ (ፖሊጎኖችን የሚያዋህደው መሣሪያ) ስታደርጉ ካርታው ልክ ይመስላል። አትሪቢዩት ቴብሉን (የየቅርጹ መረጃ ያለበትን ሰንጠረዥ) ክፈቱት፤ ያለው አንድ ረድፍ ብቻ ነው። የሚለይበት ፊልድ (ዓምድ) ካልሰጣችሁት ዲዞልቭ ያገኘውን ሁሉ፣ 50 ኪሎ ሜትር የተራራቀውንም ሳይቀር፣ ሰብስቦ አንድ ባለብዙ ክፍል ፖሊጎን ያደርገዋል። ስለዚህ ውጤቱ ላይ ባለብዙ ክፍሉን ወደ ነጠላ ክፍሎች የሚበትነውን መልቲፓርት ቱ ሲንግልፓርትስን ራን አድርጉ። በቃ፣ ይለያያሉ። አርክ ጂ አይ ኤስ (ArcGIS) በሚባለው ሌላ የካርታ ሶፍትዌር ላይ ዲዞልቭ ውስጥ መልቲፓርት የሚለውን ምልክት ማንሳት ይበቃል። በፖስትጂአይኤስ (PostGIS፣ የካርታ መረጃ ዳታቤዝ) ከሆነ ለማዋሃድ ኤስቲ ዩኒየን (ST_Union)፣ ቀጥሎ ለመነጣጠል ኤስቲ ደምፕ (ST_Dump)። ኪው ጂ አይ ኤስ ጂኦሜትሪው (የቅርጹ አሣሣል) ልክ አይደለም ካላችሁ መጀመሪያ ፊክስ ጂኦሜትሪስን ራን አድርጉ።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ኪው ጂ አይ ኤስ ሲያዋህድ የመጀመሪያውን ፖሊጎን መረጃ ብቻ ይይዛል፣ ስትነጣጥሉት ደግሞ ያንኑ ለሁሉም ይገለብጣል፤ ወረዳው ሙሉ የአንድ ምንጭ ስም ተለጥፎበት ታገኙታላችሁ። እነዚያን ዓምዶች አጥፏቸው። ከዚያ መረጃን በቦታ ከሚያገናኘው ጆይን አትሪቢዩትስ ባይ ሎኬሽን ሰመሪ (ማጠቃለያ) ያለበትን መርጣችሁ ዋናዎቹን ነጥቦች አገናኙ፤ በየፖሊጎኑ ስንት ተቋም እንዳለ ይቆጥርላችኋል።

ስፋቱንም እንደ አዲስ አስሉ። በ1 ኪሎ ሜትር የተራራቁ ሁለት ቦኖዎች ውሰዱ። የእያንዳንዱ ክብ 3.14 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ሲደመር 6.28። ሲዋሃዱ ግን 5.05 አካባቢ ነው የሚሸፍኑት። ልዩነቱ ላይ የሚኖሩት ሰዎች፣ ሕዝቡን በየክቡ ቆጥራችሁ ከደመራችሁት፣ ሁለቴ ይገባሉ። የወረዳው ሽፋን ከእውነቱ በላይ ይወጣል፣ እስካሁን ከወንዝ የሚቀዳ ቀበሌም በዚያ ቁጥር ምክንያት ከወረፋው ወደ ኋላ ሊገፋ ይችላል።