የጋለ ቸርኬና ስም የሌለው ጠርሙስ

ጎንደር ውስጥ ላቫጆ ለሚሠራ ሰው እንደ ጥር ወር የሚያጣድፍ ጊዜ የለም። ለጥምቀት የሚመጣው እንግዳ፣ ከደባርቅ የሚመለሰው የአስጎብኚ መኪና፣ የከተማው ታክሲና ባጃጅ ሁሉ ከከተራ በፊት ታጥቦ መውጣት ይፈልጋል። ውሃው ደግሞ የበጋ ውሃ ነው። በፈረቃ ስለሚመጣ በርሜልና ሮቶ ሞልተን እንጠብቃለን። ውሃ ሲያጥር፣ ሰው ሲቸኩል፣ «ቶሎ የሚያጸዳ» የተባለ ኬሚካል ሁሉ ተፈላጊ ይሆናል። በዚያ ሰሞን አንድ የሥራ ባልደረባችን የተጎዳውም በዚሁ ጥድፊያ ነው።

መኪናው ከሰሜን ተራሮች እንግዳ ይዞ የተመለሰ ላንድክሩዘር ነው። ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ጎንደር ያለውን ቁልቁለት የሚያውቅ ሾፌር ፍሬኑ ምን ያህል እንደሚግል ያውቃል። የፊት ጎማው አጠገብ ሲቆሙ ወላፈኑ እግር ላይ ይሰማል። ጎማው የተገጠመባቸው የአሉሚኒየም ቸርኬዎች በፍሬን ብናኝ ጠቁረው ቀለማቸው አይለይም። ሾፌሩ ከወንበር ሥር አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ አወጣና መኪናውን ለሚያጥበው ልጅ፣ ለዚያው ባልደረባችን ሰጠው። «በዚህ አድርግልኝ፤ ማሸት እንኳ አያስፈልግም፣ ራሱ ያወርደዋል» አለው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈ ነገር የለም፤ ውስጡ ያለውም ከውሃ አይለይም።

እኔ ከጎሚስታው ጋር ስለ ሌላ መኪና እየተነጋገርኩ ነበር። ድንገት አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ መጣብኝና ዞር አልኩ። ልጁ ጨርቁን ነክሮ በባዶ እጁ የፊተኛውን ቸርኬ ያሻል፤ ፈሳሹ የጋለው ብረት ላይ ችስ እያለ እንደ እንፋሎት ይነሳል። «ተው! እጅህን አንሳ!» ብዬ የውሃውን ጎማ ይዤ ሮጥኩ። እጁን የሚፈስ ውሃ ሥር አስገብተን ለረጅም ጊዜ አጠብነው። እሱ ግን «ጋሼ፣ ምንም አላመመኝም እኮ፣ ውሃው ያልቃል» ይለኝ ነበር። ውሃው ይለቅ አልኩት።

ቀን ላይ ቆዳው ትንሽ ከመቅላቱ በቀር ምንም አልታየበትም። ማታ ግን ጣቶቹ ከጥፍሩ ሥር ይጠዘጥዙት ጀመር፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር አጣ። ጠዋት ሐኪም ቤት ይዤው ስሄድ የተጠየቅነው የመጀመሪያ ጥያቄ «ኬሚካሉ ምንድን ነው?» የሚል ነበር። መልስ የለንም። ለሾፌሩ ደወልኩለት። ፈሳሹን ከቀዳበት ሱቅ ሄዶ ጄሪካኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በስልክ አነበበልኝ፤ አሞኒየም ባይፍሎራይድ የሚል አለበት። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ ሥራው ተለወጠ። ካልሲየም ግሉኮኔት ከጄል ጋር ደባልቆ ጣቶቹን ቀባቸው፤ ከጊዜ በኋላም ሕመሙ እየቀለለለት መጣ።

ሐኪሙ ያስረዳንን ላቫጆ የሚሠራ ሰው ሁሉ ቢያውቀው እወዳለሁ። ይህ ዓይነቱ ውህድ ፍሎራይድ ያለበት አሲድ ነው። ሌላ አሲድ ወዲያው ያቃጥልና ሰውየው እጁን ያነሳል። ይኼኛው ግን ሲቀጥን ሳያሳምም ቆዳውን አልፎ ይገባል፣ ውስጥ ያለውን ካልሲየም ይይዛል፤ ሕመሙ የሚመጣው ከሰዓታት በኋላ ነው። «አላመመኝም» ማለት ስለዚህ ምንም ማረጋገጫ አይሆንም። ብዙ ከነካ ለልብም አደጋ ነው። ወዲያው በብዙ ውሃ ማጠብ፣ ባያምም እንኳ ሐኪም ቤት መሄድ፣ የኬሚካሉን ስም ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ከጄሪካን ወደ ሃይላንድ ሲገለበጥ የሚጠፋው ይኸው ስም ነው። ጠጥቶት ቢሆንስ ኖሮ? ውሃ በጠማው ሰው እጅ ላይ የሃይላንድ ጠርሙስ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ቸርኬውም አልተረፈም። አሲዱ የደረቀበት ቦታ ሁሉ ወተት የፈሰሰበት ይመስል ነጭ ነጭ ነጠብጣብ ወጣበት። ቫርኒሹ ተበልቶ አሉሚኒየሙ ተነክቷል፤ ይህ በማጠብ አይለቅም፣ ተሞርዶ እንደገና መቀባት አለበት።

የፍሬን ብናኝ ለምን እንዲህ እንደሚያስቸግር ላስረዳ። ፍሬን ሲያዝ ሸራው ከጎማው ጋር የሚዞረውን ብረት፣ ዲስኩን፣ ያሻል፤ ከሁለቱም የሚወጣው ብናኝ እንደጋለ ቸርኬው ላይ ይለጠፋል። ውስጡ ብረት ስላለበት እርጥበት ሲያገኝ ይዝግና ቫርኒሹን ይነክሰዋል። በየሳምንቱ ከታጠበ ሳሙና ይበቃዋል፤ ወራት ሲቆይ ነው ሰው ወደ አሲድ የሚሄደው። ለቆየው ብናኝ አሲድ ያልሆነ ማጽጃም አለ። ብረቱን ሲያገኝ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ይለወጣል፣ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። እሱም ቢሆን በጓንት፣ በቀዘቀዘ ቸርኬ ላይ፣ ሳይደርቅ ታጥቦ የሚወርድ ነው።

አሁን እኛ ጋ ከመንገድ የገባ መኪና ጥላ ሥር ይቆማል፤ እጅ ቸርኬው ላይ ሲያርፍ ሙቀት መሰማቱ እስኪቀር ድረስ ውሃም ቢሆን አይነካውም። የጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲደፋ ዲስኩ ሊጣመም ይችላል፤ ከዚያ ፍሬን በተያዘ ቁጥር መሪው ይንቀጠቀጣል። ሲቀዘቅዝ በመጀመሪያ ልቅ ውሃ፣ ቀጥሎ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ፣ አንዱን ጎማ ጨርሶ ወደ ሌላው። የጎማው ባልዲና ስፖንጅ ለብቻው ነው፤ ያ ብናኝ ወደ ቦዲው ከሄደ ቀለሙን ይጭረዋል። ጎማው ሲዞር እንዳይንቀጠቀጥ ቸርኬው ጠርዝ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ክብደት፣ የባላንስ እርሳስ የምንላትን፣ በብሩሽ መፈልፈል የለም። ብናኙን በኮምፕሬሰር መንፋት ደግሞ ፈጽሞ ክልክል ነው። የድሮ የፍሬን ሸራዎች አስቤስቶስ ነበረባቸው፤ እሱ ሳንባ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። በረኪናን ከአሲድ ጋር የሚደባልቁም አይቻለሁ፤ ከሁለቱ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፣ በተዘጋ ክፍል ሰው ይገድላል።

ከደረቀ በኋላ ስስ ሰም እንቀባዋለን። ሰም ያለበት ቸርኬ ላይ ብናኙ አይነክስም፣ በሚቀጥለው እጥበት በሳሙና ብቻ ይለቃል፤ ውሃም ይቆጥባል፣ እኛ ከተማ ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የጎማ ማብረቂያው ግን ጎኑ ላይ ብቻ ነው የሚቀባው፤ መሬት የሚረግጠው ጥርስ ላይ ወይም ዲስኩ ላይ ከደረሰ መኪናው አይቆምም። ሾፌሩም ሲወጣ መንገድ ላይ ሁለት ሦስቴ ፍሬኑን ቀስ አድርጎ እንዲነካ እንነግረዋለን፣ ዲስኩ ላይ የቀረው ውሃ እንዲደርቅ።

«ልጠብቅ አልችልም፣ የራሴን መድኃኒት ይዣለሁ» የሚል ደንበኛ አሁንም አይጠፋም። ጠርሙሱ ላይ ስም ከሌለ በትሕትና እንመልሰዋለን። አንዳንዱ ተቆጥቶ ሌላ ላቫጆ ይሄዳል፤ ይሂድ። የልጁ ጣቶች ድነዋል፣ የሚያጥበውም እስከ ክርኑ የሚደርስ ጓንት አድርጎ ነው።