ግድግዳውን ከማጣበቃችሁ በፊት አስረጁት

ከውጭ አገር የመጣ የእንጨት ተገጣጣሚ ሞዴል በእጃችሁ ካለ፣ በሳጥኑ ውስጥ ያለውን የመመሪያ ወረቀት የክፍሎቹን ቁጥር ለማወቅ ብቻ ተጠቀሙበት። የቀለሙንና የኮላውን ቅደም ተከተል በተመለከተ የሚለውን ግን አትስሙት። እኔ ሰምቼው ብዙ የተደከመበት ሥራ ተበላሽቶብኛል፤ አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ያ ሁሉ ድካም ባልደረሰብኝ ነበር።

የምሠራው የሞዴል ባቡር መስመር ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ ከሚደርሰው ሐዲድ የተቀዳ ነው። የእውነተኛው ሐዲድ ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሞዴሌ ከእውነተኛው 87 ጊዜ የሚያንስ ስለሆነ ለ87 ሲካፈል 16.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህ ደግሞ በዓለም ላይ በብዛት የሚሸጠው የሞዴል ሐዲድ ልክ ስለሆነ የወሎን ባቡር ለመሥራት የተለየ ሐዲድ ፍለጋ መንከራተት አያስፈልግም። የቀድሞው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ 1000 ሚሊ ሜትር ስለነበር እርሱን የሚሠራ ሰው 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ጠባብ ሐዲድ መፈለግ ይኖርበታል።

ከሐዲዱ ዳር ማቆም የፈለግሁት የእንጨት ጎተራ ነው። ዘመድ ይዞልኝ የመጣው የአሜሪካ ገበሬዎች የሚሠሩት ዓይነት ነው፤ ታችኛው ክፍል በረት፣ ላይኛው የድርቆሽ ማከማቻ። ክፍሎቹን ከሳንቃው በምላጭ ማላቀቅ፣ በጨረር ሲቆረጥ የጠቆረውን ጠርዝ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ በሮችንና መስኮቶችን መለየት ሁሉም ቀላል ነው። ወረንጦና ትዕግሥት ካላችሁ ይበቃል።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወረቀቱ አራቱን ግድግዳዎች አጣብቁ፣ ኮላው ሲደርቅ ቀለም ቀቡ ይላል። እንደተባለው ማዕዘኖቹን በስኳድራ አስተካክዬ በነጩ የእንጨት ኮላ አጣበቅኋቸው። ሲደርቅ በውኃ የሚቀጥነውን ቀይ ቀለም ከውጭ በኩል ቀባሁ። በነጋታው ረጅሙ ግድግዳ ጎብጦ፣ አንዱ ማዕዘን ተላቅቆ፣ የመስኮቱ ፍሬም ከቦታው ዘሎ አገኘሁት። ይባስ ብሎ ከመጋጠሚያው ትንሽ ትንሽ ኮላ በወጣበት ሁሉ ቀለሙ አልያዘም፤ ግድግዳው ላይ የገረጣ ነጠብጣብ ቀረ። ኮላው ሲደርቅ የእንጨቱን ቀዳዳ ስለሚደፍነው ከዚያ በኋላ ምንም ዓይነት ቀለም አይጠጣም።

ለአምራቹ ፎቶግራፍ አያይዤ ጻፍሁ። የመጣልኝ መልስ ሞዴሉን እርጥበት በሌለበት ቦታ አስቀምጥ የሚል ነበር። ወሩ ኅዳር ነው፤ ኮምቦልቻ ዙሪያ ገበሬው አውድማ ላይ ነው፣ ዝናብ የሚባል ነገር የለም። መልሱን የጻፈው ሰው ፎቶግራፉን ለማየት የተጨነቀ አይመስለኝም። የእያንዳንዱን መስኮት ቦታ በሥዕል ለማሳየት ገጾችን የፈጀ ወረቀት፣ ገዢው ሁሉ ለሚያጋጥመው ነገር አንዲት ዓረፍተ ነገር ማጣቱ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

የገባኝ ሰፈራችን ያሉ አንድ አዛውንት አናጢ ካዩት በኋላ ነው። ግድግዳውን በሁለት ጣታቸው አንሥተው ከጠርዙ በኩል ተመለከቱና «አብሽር ልጄ፣ እንጨቱ ደኅና ነው። በአንድ ጎኑ ብቻ ስላጠጣኸው ነው፤ ፀሐይ እንደመታው እንጀራ ጠርዙን አነሣብህ» አሉኝ። ነገሩ ልክ ይኸው ነው። እንጨት ውኃ ሲጠጣ ወደ ጎን ያብጣል እንጂ በርዝመቱ ብዙም አይለወጥም። የጎተራው ግድግዳ የጣውላ መስመሩ ከታች ወደ ላይ ስለሚሄድ እብጠቱ በሙሉ የሚያርፈው በግድግዳው ርዝመት ላይ ነው። የተቀባው ፊት መጀመሪያ ይነፋል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተርና ግድግዳውን ወደ ራሱ ይስበዋል። ውፍረቱ ከ2 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ እንጨት ይህን የሚቋቋምበት አቅም የለውም።

ለማዳን ያደረግሁት ይህ ነው። በሙቅ ውኃ የራሰ ጨርቅ መጋጠሚያዎቹ ላይ አሳረፍሁ፤ ነጩ ኮላ ሙቀትና ውኃ ሲያገኝ ስለሚለሰልስ ግድግዳዎቹ ሳይሰበሩ ተላቀቁ። ቀዩን ቀለምና የደረቀውን ኮላ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ አነሣሁ። የጎደጎደውን ፊት በትንሹ አርጥቤ፣ እያንዳንዱን ግድግዳ በሁለት መስታወት መካከል አስተኝቼ፣ ከላይ ክብደት ጭኜ ለቀናት ተውሁት። ቀጥ ብሎ ወጣ። ከዚያ በውስጥ በኩል ቀጫጭን የእንጨት ዘንጎች አጋደምሁ። ዘንጎቹ የጣውላውን መስመር አቋርጠው መለጠፍ አለባቸው፤ ከመስመሩ ጋር አብረው ከሄዱ ምንም አይዙም። የቀጠልሁትን ቀለም ሁሉ በሁለቱም ፊት ቀባሁ። የውስጡን ማንም አያየውም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት፤ የውስጡ ቀለም የሚያስፈልገው ለዓይን ሳይሆን ለሚዛን ነው።

ስለዚህ የእኔ ቅደም ተከተል የወረቀቱ ተቃራኒ ነው፦ መጀመሪያ ዘንግ፣ ቀጥሎ ማስረጀት (እንጨቱን ያረጀ ማስመሰል)፣ መጨረሻ ላይ ማጣበቅ።

እንጨቱን ለማስረጀት ውድ የውጭ ቀለም አያስፈልግም። የዛገ ሚስማር በብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ አድርጋችሁ አቼቶ ሙሉበትና ለቀናት አስቀምጡት። ክዳኑን አታጥብቁት፣ ጋዝ ይወጣዋል። እንጨቱን አስቀድማችሁ ስኳር የሌለው ወፍራም ሻይ ቀቡት፤ የሞዴል እንጨት ብረቱ ይዞት የሚጠቁረው ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር እምብዛም ስለሌለው ያንን የሚሰጠው ሻይው ነው። ሻይው ሲደርቅ አቼቶውን ቀቡበት። እየደረቀ ሲሄድ ዓመታት ፀሐይ ያየ ጣውላ ዓይነት ግራጫ ይሆናል። ይበልጥ ስለሚጠቁር ክፍሎቹ በወጡበት ትርፍ ሳንቃ ላይ ሳትሞክሩ ግድግዳው ላይ አትጀምሩ። ይህም ውኃ ስለሆነ በሁለቱም ፊት ቀብቶ በክብደት ማድረቅ ግዴታ ነው።

የአሜሪካ ጎተራ ቀይ የሆነው ገበሬው የብረት ዝገትን ከተልባ ዘይት ጋር እየቀላቀለ ይቀባው ስለነበር ነው። እኔም ቀዩን ሙሉ በሙሉ አልተውሁትም። በስፖንጅ ጫፍ በስሱ፣ ከጣሪያው ሥር ባለው ጥላ ላይ ብቻ ነካካሁት፤ ቀለም ረጅም ዕድሜ የሚያገኘው ፀሐይና ዝናብ በማይደርስበት ቦታ ነውና።

ጣሪያውን በተመለከተ ከሳጥኑ ጋር የመጣውን የወረቀት ክዳን ጣልሁት። ወሎ ውስጥ ያለ ጎተራ ቆርቆሮ ይልበስ። የቆርቆሮ ሞገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ 76 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በእኛ ልኬት 0.87 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የ5 ሚሊ ሜትር ቡሎን ጥርስ ርቀቱ 0.8 ሚሊ ሜትር ስለሆነ እጅግ ይቀርባል። የምግብ መጠቅለያ አሉሚኒየሙን ለስላሳ ጎማ ላይ ዘርግታችሁ ቡሎኑን ጫን አድርጋችሁ አንከባልሉበት። መስመሩ በትንሹ ስለሚያጋድል ስትቆርጡ ማስመሪያውን ከመስመሩ ጋር እንጂ ከአሉሚኒየሙ ጠርዝ ጋር አታስተካክሉ። ሁለት ሜትር የሚሆነው ቆርቆሮ 23 ሚሊ ሜትር ይወጣዋል። ዝገቱ እውነተኛ ዝገት ነው፤ ከአሮጌ ቆርቆሮ ፍቄ፣ ፈጭቼ፣ በቀጭን ጨርቅ ነፋሁት። ጣሪያዬን ሳየው ደስታዬ አሁንም አልበረደም።

የውጭ አስተማሪዎች ሌላም ምክር አላቸው፦ የሰሜኑን ግድግዳ አጥቁሩ፣ እርጥበት ላይ የሚበቅለውን ሽበት አልብሱት፣ ፀሐይ አይደርስበትም ይላሉ። ይህ ለእነርሱ አገር እውነት ነው። ኮምቦልቻ ግን ከምድር ወገብ 11 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው የሚርቀው፤ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ አብዛኛውን የቀትር ፀሐይ የሚያየው የሰሜኑ ግድግዳ ነው። በእኛ አገር ሁለቱም ፊት ይገረጣል። የሚለየው የግድግዳው የታችኛው ክፍል ነው፤ የክረምት ዝናብ ከጣሪያው እየወረደ ጭቃ የሚረጨው እስከ ጉልበት ነው፣ በልኬቱ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር። ከቦርከና ዳር ያመጣሁትን አፈር ነፍቼ በደረቅ ብሩሽ የጨመርሁት እዚያ ብቻ ነው።

የመጨረሻው ደግሞ ቫርኒሽ ነው። ጣሳው ላይ ለጥንካሬ ሁሉም ካለቀ በኋላ ከላይ ንፉበት ተብሎ ተጽፏል። እኔ መጨረሻ ላይ አልነፋሁም፣ እናንተም አትንፉ። ቫርኒሹ የአፈሩንና የዝገቱን ዱቄት ይውጠዋል፤ በጥንቃቄ የሠራችሁት ግማሹ ይጠፋል። መጀመሪያ በስሱ ንፉ፣ ሳይደርቅ ዱቄቱን አኑሩ፣ ከዚያ በኋላ ግድግዳውን በጣት አትንኩ። የእኔ ጎተራ ከሥሩ ካለው ሳንቃ ጋር ተጣብቋል፤ ማንሣት የሚፈልግ እንግዳ ሲመጣ ሳንቃውን ይዘህ አንሣ እለዋለሁ።